የሊፍቱ ደወል የሚጮኸው ማን ጋ ነው?

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ ባለ 11 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ፎቅ መካከል ስንደርስ መብራት ጠፋና ሊፍቱ ባለበት ቆመ። ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ስንሆን፣ አንዷ የመድኃኒት ከረጢት የያዙ እናት ነበሩ። የደወል ሥዕል ያለበትን ቢጫ ቁልፍ ተጫንኩ። ደወሉ ከጭንቅላታችን በላይ ሲጮኽ በደንብ ይሰማል፤ ከድምፅ ማጉያው ቀዳዳዎች ግን ትንፍሽ የሚል አልነበረም። «ልጄ፣ እስቲ አጥብቀህ ተጫነው፣ አልሰሙ ይሆናል» አሉኝ እናትየው። «እየተጫንኩት ነው እማማ» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። የእጅ ስልካችንም በዚያ የብረት ሣጥን ውስጥ ኔትወርክ አጥቷል። ከ38 ደቂቃ በኋላ መብራት ተመልሶ ምድር ቤት ስንደርስ፣ ጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ኢንተርኮም አየሁት፤ ገመዱ ከሶኬቱ ተነቅሎ በምትኩ የስልክ ቻርጀር ተሰክቷል። «ጋሼ፣ ይሄ ለምን ተነቀለ?» ብዬ ብጠይቃቸው «እሱማ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም» አሉኝ።

በጥበቃው ልፈርድ አልፈልግም። መጠባበቂያ ባትሪ የሌለው ኢንተርኮም፣ ቢሰካም እንኳ መብራት በጠፋ ሰዓት፣ ማለትም በሚፈለግበት በዚያው ሰዓት፣ ዝም ማለቱ አይቀርም ነበር። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ሊፍት ለዓይን የሚታየውን ሁሉ አሟልቷል፤ ቁልፉም፣ የድምፅ ማጉያውም፣ የጥበቃው ኢንተርኮምም አለ። መርማሪ መጥቶ በዝርዝሩ ላይ «አለ፣ አለ፣ አለ» እያለ ምልክት ቢያደርግ ሐሰት አልጻፈም። ነገር ግን በአሳንሰር የአደጋ ጊዜ መገናኛ ላይ የወጡ ደንቦችን በጥሞና ላነበበ ሰው፣ ዋና ጥያቄያቸው ዕቃው መኖሩ ላይ ሳይሆን መስመሩ በሌላኛው ጫፍ የሚመልስ ሰው ያለው መሆኑ ላይ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የሊፍት መመሪያ 2014/33 የሚጠይቀው፣ ሊፍቱ ከነፍስ አድን አገልግሎት ጋር በቋሚነት የሚያገናኝ የሁለትዮሽ መነጋገሪያ እንዲኖረው ነው። «በቋሚነት» የምትለዋን ቃል ወደ ተግባር የሚተረጉመው ኢኤን 81-28 የተሰኘው የአውሮፓ የቴክኒክ ደረጃ (ስታንዳርድ) ሲሆን፣ መሣሪያው ቢያንስ በየሦስት ቀኑ ማንም ሳይነካው ራሱ ደውሎ መስመሩ በሕይወት መኖሩን እንዲያረጋግጥ፣ መብራት ቢጠፋም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በባትሪ እንዲሠራ ያስገድዳል። የአሜሪካው የሊፍት ደኅንነት ደንብ ኤ17.1 ደግሞ መስመሩ በየቀኑ እንዲፈተሽ ያዛል፤ መስመሩ ከሞተ በዋናው መግቢያ ፎቅ ላይ መብራትና ድምፅ ያለው ማስጠንቀቂያ ይበራል። ከሊፍቱ የተደወለ ጥሪ በ45 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ወደ ሌላ ቦታ እንዲተላለፍም ይጠይቃል። ይቺ የመጨረሻዋ አንቀጽ በጣም ትማርከኛለች፤ የጻፏት መሐንዲሶች ጥበቃው ሽንት ቤት ሊሄድ እንደሚችል አውቀዋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሲጋራ ሊያጨስ ወርዶ ወደ ቢሮው ሲመለስ የነበረ አንድ ሰው ሊፍት ውስጥ ለ41 ሰዓታት ተዘግቶበት ቆይቷል። ደወል ነበር፣ ተጫነው። ካሜራም ነበር፤ ሰውየው ሲቀመጥ፣ ሲነሣ፣ በሩን ለመፈልቀቅ ሲታገል ሙሉ በሙሉ ቀርጾታል፤ ምስሉን ለማየት ዞር ያለ ጥበቃ ግን አልነበረም።

ወደ እኛ ስንመጣ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። በቅርብ ዓመታት ወደ አዲስ አበባ የሚገቡ ብዙ ሊፍቶች በሲም ካርድ የሚሠራ መደወያ ሊገጠምላቸው የሚችል ነው። ገጣሚው በርክክቡ ቀን አንድ ሲም ካርድ አስገብቶ፣ ብር ሞልቶ፣ በባለንብረቱ ፊት ደውሎ ያሳያል፤ ይሠራል፤ ፊርማ ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ያ ሲም ካርድ በማን ስም ነው? ካርድ የሚሞላለት ማን ነው? ለወራት ያልተደወለበትና ሂሳብ ያልተሞላበት ሲም ከአገልግሎት እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ተሳፋሪ ሳይዘጋበት ዓመት ካለፈ ያ ሲም ዝም ብሎ ይሞታል፣ መሞቱን የሚያውቅም የለም። በየሦስት ቀኑ ራሱን የሚፈትሽ መሣሪያ ግን ሲሙንም ከሞት ያድናል፣ ከሞተም በሦስት ቀን ውስጥ ያጋልጠዋል። ባትሪውም እንዲሁ ነው፤ በሊፍቱ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ እያረጀ ሄዶ፣ አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ለአምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ይሞታል። ደንብ አክብሮ የተገጠመ ነገር ማንም ሳይነካው ከደንብ ውጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ብሪታንያ ውስጥ ነባሩ የስልክ መስመር እ.ኤ.አ. እስከ ጥር 2027 መጨረሻ እንዲዘጋ ስለተወሰነ፣ በዚያ መስመር የሚሠሩ የሊፍት ስልኮች ባለቤቶች መሣሪያቸውን መቀየር ግድ ሆኖባቸዋል።

«ቢበዛ ሰው ግማሽ ሰዓት ይጨነቃል፣ ምን ይሆናል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። የቆመ ሊፍት ውስጥ ያለ ሰው ዝም ብሎ ከጠበቀ አደጋው አነስተኛ ነው፤ አየርም አያልቅበትም፣ ምክንያቱም የአውሮፓ የሊፍት ደንቦች ከሊፍቱ ወለል ስፋት ቢያንስ አንድ በመቶ የሚሆን የአየር መግቢያ እንዲኖር ያዛሉ። ይህን ግን ማን ይንገረው? የሚያናግረው ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አየር ያልቃል ብሎ ነው፤ ቀጥሎ በሩን ይፈለቅቃል። ሊፍቱ ከፎቁ ወለል አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ቆሞ ከሆነ፣ ከሥሩ የሚንጠለጠለው መከላከያ ቆርቆሮ በእነዚሁ ደንቦች መሠረት ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች የሚቀረው ክፍተት በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይወስዳል። ወደ ኮሪደሩ ለመዝለል የሞከረ ሰው ወደ ኋላ ቢንሸራተት የሚወድቀው እዚያ ነው። በቅን ልቦና የበር መክፈቻ ይዞ የሚሮጥ ያልሠለጠነ ጥበቃም ይህንኑ አደጋ ነው የሚከፍተው። «አይዞዎት፣ በሩን አይንኩ፣ ቴክኒሺያኑ ተነሥቷል» የሚል አንድ ድምፅ የማንንም ሊፍት ባያንቀሳቅስም ሰውን ከጉድጓድ ይጠብቃል።

ይህ ድምፅ የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ። ኤ17.1 እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሻሻል፣ መስማት ወይም መናገር የማይችል ተሳፋሪ በጽሑፍ ተጠይቆ በቁልፍ መልስ እንዲሰጥ፣ ጥሪውን የተቀበለው ሰውም የሊፍቱን ውስጥ በቪዲዮ ማየት እንዲችል ግዴታ ጨመረ። ይህ ለእኛ ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የተደራሽነት ግዴታ የሚነካቸውን ሲዘረዝር የአደጋ ጊዜ አገልግሎቶችን በስም ይጠቅሳል። ቢያንስ «ጥሪዎ ደርሷል» የምትል መብራት ውድ አይደለችም።

ባለንብረቶች የሚያነሡት ወጪን ነው። ሕንፃ ላሠራ፣ ሊፍት ከውጭ ላስመጣ ሰው የአንድ ሲም ወርኃዊ ክፍያና በየጥቂት ዓመቱ የሚቀየር ባትሪ ሸክም ነው ብሎ መከራከር አሳፋሪ ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ግን ክርክሩ ክብደት አለው። እንደ ሰንጋተራና ክራውን ባሉ የ40/60 ሕንፃዎች ሊፍት የጋራ ንብረት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነውን ማስተዳደር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሥራ ነው። ለጄኔሬተር ናፍጣ መዋጮ መሰብሰብ ያቃተው ማኅበር፣ ማንም ለማያየው መስመር ገንዘብ ይመድባል ብዬ አልጠብቅም። እዚያ ላይ የከተማው አስተዳደር ድጋፍም ቁጥጥርም ያስፈልጋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕንፃ ሹም የሚባል ባለሥልጣን ሰጥቶናል፤ ለመጠቀሚያ ፈቃድ የሚደረግ ፍተሻም አለ። የእኔ ሐሳብ አንዲት ተግባር እንድትጨመርበት ነው፤ መርማሪው ሊፍቱ ውስጥ ይግባ፣ ከውጭ ያለው ባልደረባው የሊፍቱን መብራት ያጥፋ፣ መርማሪው ቁልፉን ተጭኖ ሰዓቱን ይያዝ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሰው ድምፅ ካልመጣ ፈቃዱ ይዘግይ። ይኸው ፈተና በየዓመቱ ይደገም፤ ውጤቱም ከነቀኑ ሊፍቱ ውስጥ ይለጠፍ።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ሕንፃ ተመልሼ ነበር። ኢንተርኮሙ ተሰክቷል፤ ጥበቃው አዲስ ልጅ ነው። ሊፍቱ ውስጥ ደግሞ ከቢጫው ቁልፍ በላይ፣ በእስክሪፕቶ የተጻፈ የቴክኒሺያን ስልክ ቁጥር በፕላስተር ተለጥፏል። ከእጅ ስልኬ ልሞክረው አሰብኩና የኔትወርኩን ምልክት አየሁ፤ ባዶ ነበር።