የፐልሳር ምት ብርታት ብቻውን አይበቃም

ከፐልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ጨረር ከሚልክ ኒውትሮን ኮከብ (እጅግ ጥቅጥቅ ካለ የሞተ ኮከብ ቅሪት)፣ ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚደርስ ምት ሁለት ዓይነት መረጃ ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው የምቱ ብርታት ሲሆን ሁለተኛው የሞገዱ ኤሌክትሪካዊ መስክ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወዛወዝ የሚያሳየው ፖላራይዜሽን ነው። ብርታቱ ሁልጊዜ ይመዘገባል። ፖላራይዜሽኑ ግን የመረጃ ማከማቻ ለመቆጠብ ሲባል በብዙ የሰማይ አሰሳዎች ሳይመዘገብ ቀርቷል፤ ይህ አሠራር መቆም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በጊዜው ያልተመዘገበ ፖላራይዜሽን ኋላ ላይ ከብርታቱ ተሰልቶ ሊገኝ አይችልም።

ስለ ኒውትሮን ኮከቦች ካወቅነው ውስጥ ምን ያህሉ ከዚህ መረጃ እንደተገኘ ማስታወስ ተገቢ ነው። ጆስሊን ቤል በርኔል እና አንቶኒ ሂዊሽ እ.ኤ.አ. በ1967 በካምብሪጅ ያገኙት የመጀመሪያው ፐልሳር በየ1.337 ሰከንዱ ምት ይልክ ነበር፤ የምቱ መደጋገም ግን ጨረሩ ከኮከቡ የትኛው ክፍል እንደሚወጣ አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ1969 ራዳክሪሽናን እና ኩክ በአውስትራሊያው የፓርክስ ቴሌስኮፕ ቬላ የተባለውን ፐልሳር ሲያጠኑ፣ በአንድ ምት ውስጥ የፖላራይዜሽኑ ማዕዘን ሳይቆራረጥ እየዞረ የተጠማዘዘ መስመር እንደሚሠራ አዩ። ጨረሩ ከመግነጢሳዊው ዋልታ አካባቢ የሚወጣ ከሆነና ኮከቡ ሲሽከረከር በዋልታው ዙሪያ ያሉት የመስክ መስመሮች በእይታችን ፊት በየተራ የሚያልፉ ከሆነ፣ ማዕዘኑ ልክ እንደዚያ መዞር ነበረበት። ከመስመሩ ቅርጽ በመነሳት መግነጢሳዊው ዋልታ ከኮከቡ የመሽከርከሪያ ዘንግ ምን ያህል እንዳዘነበለ ማስላት ተቻለ። ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነን፣ 1,000 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀን አካል አቀማመጥ በዚህ መንገድ ማወቅ መቻሉ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ይህ ስሌት ለሁሉም ፐልሳሮች እንደማይሠራ የሚናገሩ ተመራማሪዎች ትክክል ናቸው። በብዙዎቹ ላይ ማዕዘኑ ድንገት 90 ዲግሪ ይዘላል፤ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ በሚሽከረከሩት ላይ ደግሞ የተዘበራረቀ ቅርጽ ይታያል። ይህ ግን መረጃውን በጥንቃቄ ለማቆየት ተጨማሪ ምክንያት እንጂ ለመተው ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ጄ1906+0746 የተባለው ፐልሳር ነው። ይህ ፐልሳር ከጓደኛ ኮከቡ ጋር ተጠጋግቶ ስለሚዞር፣ በአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት የመሽከርከሪያ ዘንጉ ቀስ እያለ አቅጣጫውን ይለውጣል። ተመራማሪዎች ለዓመታት የተከማቸውን የፖላራይዜሽን ምልከታ አንድ ላይ ተንትነው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት የዘንጉን ለውጥ ለኩ፣ ከዚያ 50 ዓመት በፊት በራዳክሪሽናን እና ኩክ የቀረበውንም ስሌት ትክክለኛነት አረጋገጡ። ጨረሩ እ.ኤ.አ. በ2028 ገደማ ከምድር እይታ እንደሚሰወርም ተንብየዋል። በእነዚያ ዓመታት ብርታቱ ብቻ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ምልከታውን መድገም አይቻልም ነበር።

በተቃራኒው የቀረብንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው ፈጣን የሬዲዮ ፍንዳታ (በሺህኛ ሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ብቻ የሚቆይ ብርቱ የሬዲዮ ምት) የተገኘው በፓርክስ በ2001 ከተከማቸ የአሰሳ መረጃ ውስጥ ነው። ያ አሰሳ ፖላራይዜሽንን ስላልመዘገበ፣ ሞገዱ ያለፈበት መግነጢሳዊ መስክ በማዕዘኑ ላይ ያስከተለውን መዞር መለካት አልተቻለም፤ ወደፊትም አይቻልም። ይኸው ልኬት ግን በጋላክሲያችን እምብርት አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2013 በተገኘው ማግኔታር (እጅግ ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ ያለው ኒውትሮን ኮከብ) ላይ ሲደረግ፣ ግዙፉን ጥቁር ጉድጓድ የከበበው ጋዝ ብርቱ መግነጢሳዊ መስክ እንዳለው አሳይቷል።

መመዝገቡ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ተቀባዩ መሣሪያ ራሱ የሚፈጥረው ልዩነትም መለካት አለበት። ብዙ ተቀባዮች በቀጤ ነክ አቅጣጫ የተተከሉ ሁለት አንቴናዎች ሲኖሯቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማጉያ አላቸው። ስለዚህ ከምልከታው በፊት ሰው ሠራሽ የሬዲዮ ጫጫታ ወደ ሁለቱም መስመሮች ይለቀቅና የማጉያዎቹ ልዩነት ይለካል። ይህ ካልተደረገ መሣሪያው ራሱ የፈጠረው ልዩነት የኮከቡ ፖላራይዜሽን መስሎ ይታያል፤ የምቱን ቅርጽም አዛብቶ የመድረሻ ሰዓቱን ያሳስታል። የመድረሻ ሰዓት ስህተት ደግሞ በፐልሳሮች አማካይነት የስበት ሞገዶችን (የምቶችን መድረሻ ሰዓት በጥቂቱ የሚለውጡ የሕዋና የጊዜ ንዝረቶችን) የሚፈልጉትን ቡድኖች በቀጥታ ይጎዳል።

ፖላራይዜሽንን ሙሉ በሙሉ ለመግለጽ አራት መጠኖች ስለሚያስፈልጉ የመረጃው ብዛት በአራት እጥፍ እንደሚያድግ አውቃለሁ፤ ሰፊ አሰሳ ለሚያካሂድ ተቋም ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ሆኖም ሙሉውን መረጃ ለአጭር ጊዜ በማቆያ ውስጥ ይዞ፣ ምት ሲገኝ ብቻ በቋሚነት ማስቀመጥ ይቻላል፤ የካናዳው ቻይም ቴሌስኮፕ ፈጣን ፍንዳታዎችን ሲያገኝ ይህንኑ ያደርጋል። የታወቁ ፐልሳሮችን በሚመለከት ምልከታ ላይ ግን አራቱንም መጠኖች ከመሣሪያው የልኬት መዝገብ ጋር አያይዞ ማስቀመጥ፣ የቴሌስኮፕ ሰዓት ለመስጠት እንደ ቅድመ ሁኔታ ሊጠየቅ ይገባል።