ማውስንም አትናቁት እንጂ

"ፕሮግራም ለመክፈት ኪቦርድ ይበቃል፣ የማውስ ላውንቸር ጊዜ ማባከን ነው" ያልከው ለኮድ ጸሐፊ ይሆናል እንጂ ለሁሉም አይሰራም ወንድሜ። እኔ ሂሳብ ክፍል ለምትሰራው እህቴ አንድ ትንሽዬ ላውንቸር (ፕሮግራም በማውስ መክፈቻ) ሰርቼላት ነበር፣ ኪቦርዷ አማርኛ ላይ ሆኖ ኤክሴል ልትፈልግ ስትጽፍ የሚወጣው የአማርኛ ፊደል ስለሆነ ኮምፒውተሩ ምንም አያገኝላትም፣ ትበሳጭና ዴስክቶፑን በአይከን ሞልታው ቁጭ። ስለዚህ የማውሱን ጎማ ስትጫን ጠቋሚው ካለበት ዙሪያ ስምንት ፕሮግራም የያዘ ክብ ሜኑ እንዲከፈት አደረኩ። ክብ የሆነው ለውበት አይደለም፣ ፖል ፊትስ (Fitts) የተባለ ተመራማሪ ባወጣው ህግ (እ.ኤ.አ 1954) መሰረት ኢላማው ሲቀርብና ሲሰፋ እጅ ቶሎ ይደርሳል፣ ክብ ላይ ደግሞ ሁሉም እኩል ቅርብ ነው፣ እ.ኤ.አ በ1988 የወጣ ጥናት ላይም ክቡ ከተራው ዝርዝር 15 በመቶ ገደማ ፈጥኗል።

ግን እሷ መጠቀም ስትጀምር ነው ጉዱ የወጣው 😅 መጀመሪያ "ብሮውዘሬ ላይ ታብ መዝጋት አቃተኝ" አለች፣ ለካ ታብ የምትዘጋው ጎማውን በመጫን ነው፣ እኔ ጎማውን ቀምቻታለሁ፣ ተጭኖ በመቆየት ቀየርኩት። ቀጥሎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ክቡ ግማሹ ይቆረጣል። ትልቁ ጥፋቴ ግን ብዙ የምትከፍተው ወደ ላይ እንዲመጣ ማድረጌ ነው፣ እጇ ቦታውን ለምዶታላ! "እባክህ አትቀያይርብኝ" ብላ ጮኸችብኝ፣ አጠፋሁት። ማይክሮሶፍት እንኳን እ.ኤ.አ በ2012 ዊንዶውስ 8 ላይ የስታርትን በተን አንስቶ ስንት ስድብ ጠጥቶ በ2013 መልሶት የለ፣ ሜኑው ራሱ እስከ 2015 ቆየ እንጂ።

አሁን ዘጠነኛ ፕሮግራም ጨምርልኝ እያለች ነው፣ የት እንደማስገባው እንጃ።