«እዚያ ስንደርስ እናየዋለን»

ምኑን ነው የምታዩት? በፈረንጅ ገና ሳምንት ፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ፓርክ ደርሶ የሚታየው የሰው ጀርባ ነው!

የላይትኒንግ ሌን (ተከፍሎበት ረጅሙን ሰልፍ የሚያሳጥረው መስመር) ቦታ እኮ እዚያው ሆቴል ለሚያድር ከ7 ቀን በፊት፣ ለሌላው ከ3 ቀን በፊት ይያዛል። ጠዋት 1 ሰዓት! ያኔ ስልክ የሚያነሳ አለ?

የልጁ ቁመት ስንት ነው ሲባል፣ «ትልቅ ልጅ ነው»። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ሮለር ኮስተር ትልቅ ልጅ አያውቅም፤ የሚያውቀው 112 ሴንቲሜትር ነው። በር ላይ ተለክቶ ሲመለስ ለቅሶውን ማን ይችለዋል?

አያትየዋስ? ጉልበት የለም፤ ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ ነውር ነው! በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት። ዳቦ ቆሎ ይዞ መግባት ይፈቀዳል (የጠርሙስ ዕቃ ግን አይፈቀድም)፤ ግን ማን ይቋጥር? እማማ በድንች ጥብስ ይዋሉ!

ማታ ደግሞ፦ «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪን?»