ደሴና ሜዴሊን፤ ኮምቦልቻ እንዳትሰማ

የደሴ ሰው ከተማውን ከኮምቦልቻ ጋር ማወዳደር አይወድም። ኮምቦልቻ ኤርፖርት አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ቢራ ፋብሪካ አላት፣ ሐዲድም ተዘርግቶላታል። ይህን ሁሉ ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ደሴዬው «ሙቀቷንስ ቻላችሁት?» ይላችኋል። ሌላ መልስ የለውም። ስለዚህ ለውድድር ሩቅ ሀገር ያለች ከተማ ትሻላለች። መልስ አትሰጥም።

ሰሞኑን ፒያሳ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት የተያዘችው ሜዴሊን ናት፤ የኮሎምቢያዋ። ያመጣብን አንድ ወዳጃችን ነው፣ ስልኩ ላይ አይቷት። «ወላሂ፣ ቁርጥ ደሴን!» ሜዴሊን ከ1826 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንቲዮኪያ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ደሴም የወሎ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ የደቡብ ወሎ ዞን ናት እንጂ፣ እኛ ጋ እንደሆነ ጡረታ ወጥቶም ሰፈሩ «ኮሎኔል» እያለ እንደሚጠራው ሰው ናት።

በከፍታ አሸነፍን። እነሱ 1,500 ሜትር ገደማ፣ እኛ 2,500 ገደማ። ወዳጃችን ይህን ሲሰማ በኩራት ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘጋ። ሜዴሊንን «የዘላለም ጸደይ ከተማ» ይሏታል። እኛ ጋ ዘላለማዊው ጃኬቱ ነው።

ነገር የተበላሸው ዳገት ላይ ስንደርስ ነው። እዚያም ሰው ተራራ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ግን በ2004 እ.ኤ.አ. ኬብል ካር ዘረጉለት፤ ከታች ካለው ሜትሮ ባቡር ወርዶ በገመድ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮሙና 13 በሚባል ሰፈር፣ ደጅ ላይ፣ በቤቶቹ መሃል ኤስካሌተር ተከሉ። ነዋሪው ድሮ 28 ፎቅ የሚያህል ደረጃ በእግሩ ይወጣ ነበር። አሁን ቆሞ ይደርሳል።

«ታዲያ ሰላምታ የት ይባባላሉ?» አለች አስተናጋጇ።

እውነቷን ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ዳገት ላይ ሰው የሚቆመው ለትንፋሽ ነው፤ ሰላምታው ሽፋን ነው። አንዲት እናት ከሰኞ ገበያ ዘንቢል ይዘው ሲወጡ ደረስኩባቸው። ዘንቢሉን አስቀመጡ፣ ወገባቸውን ያዙ፣ «ደህና ነህ ልጄ? ልጆችህ ደህና ናቸው?» አሉ። ትንሽ ወጣን። አሁንም ቆሙ፤ ልጆቼን ጠየቁ። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ትልቁ ትምህርት እንዴት እንደያዘው ሊሰሙ ፈለጉ። ልጅ የለኝም። ግን እኔም ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር «አልሐምዱሊላህ፣ ጎበዝ ነው» አልኩ።

ኤስካሌተርማ እኛም አለን፤ ባጃጅ ይባላል። ግማሽ ላይ ሲደርስ «እስኪ አንዳችሁ ውረዱና ቀለል ይበለው» የሚል ኤስካሌተር ነው።

ስለ ምግባቸው ብዙ አልተከራከርንም። ባንዴሃ ፓይሳ የሚሉት ትሪ ባቄላ፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ይዞ ይመጣል። እዚህ ድረስ ሁላችንም ተመኘን። የአሳማ ጥብሱ ሲነሳ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል «አዑዙ ቢላሂ! በስመ አብ!» አለ። ወሎ እንዲህ ነው። ቡናቸውን በተመለከተ ደግሞ ዘሩ ከእኛ የሄደ ስለሆነ የኪራይ ጥያቄ እንዲቀርብ ተወስኗል።

ዋናው ግኝት የመጣው በመጨረሻ ነው። ወዳጃችን ስልኩን ሲጎረጉር ቆይቶ ጠረጴዛውን መታው። የሜዴሊን ትልቁ ኤርፖርት ለካ ሜዴሊን የለም! ሪዮኔግሮ የምትባል ጎረቤት ከተማ ነው ያለው። እነሱም ኮምቦልቻ አለቻቸው! ቤቱ በደስታ ተንጫጫ። ልዩነቱ፣ የእነሱ መንገደኛ ከላይ አርፎ ወደ ከተማው ይወርዳል፤ የእኛ ኮምቦልቻ አርፎ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል። ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ተራራውን ሰርስረው ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ከፍተዋል።

«እኛስ ሐረጎን ብንበሳው?» አለ ወዳጃችን።

ጥግ ላይ ለካ አንድ የኮምቦልቻ ሰው ዝም ብሎ ሲሰማን ኖሯል። «አብሽሩ» አለ፣ «ከእኛ በኩል እንጀምርላችኋለን። ምርቃቱ ግን ኮምቦልቻ ነው።»

ቁፋሮው የሚያስወጣውን ገንዘብ ማንም አላነሳም። ሪባኑ በየትኛው ጫፍ ይቆረጥ በሚለው ግን እስካሁን እንደተኳረፍን ነን።