ዕጣ ወይስ ደብተር?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ ወር በወር ገቢ ያለው ሰው ብሩን ለመቆጣጠርና ቁም ነገር ላይ ለማዋል እቁብ ይግባ ወይስ ባንክ ያስቀምጥ? ለእቁብ የሚከራከሩት መርካቶ ውስጥ ለ24 ዓመት ጨርቅ የነገዱ እናት ናቸው። ለባንክ የሚከራከረው በአንድ የግል ድርጅት የሚሠራ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ነው።

እቁብተኛዋ

ባንክን አልጠላም። ደብተር አለኝ። ቴሌብርም እጠቀማለሁ፣ ደንበኞቼ በሱ ነው የሚከፍሉኝ። ግን ባንክ ያስቀመጥኩት ብር በርክቶልኝ አያውቅም። ማንም አይጠይቀኝማ። ቅዳሜ የዘመድ ሠርግ ይመጣል፣ አወጣለሁ። ሰኞ ልጄ ጫማ ትላለች፣ አወጣለሁ። አሁን ደግሞ ነገሩ በስልክ ሆኗል፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ነው የማወጣው።

እቁብ ግን ቀን አለው። የኛ ሰኞ ሰኞ ነው። ሃያ ሰዎች ነን። በሳምንት 2,000 ብር እንጥላለን፣ ዕጣ የወጣለት 40,000 ያነሳል። አቅም ያነሰው ከሌላው ጋር ተዳብሎ ግማሽ ዕጣ ይይዛል። ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢው ይደውላል። "ዛሬ አልያዝኩም" ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ እሑድ ማታ ያ ብር ተለይቶ ተቀምጧል። ሠርጉም ጫማውም ከተረፈው ነው። የገንዘብ አያያዝ ያስተማረኝ ይህ እፍረት ነው። ደግ እፍረት ነው።

ሁለቱንም የስፌት መኪናዎቼን በእቁብ ነው የገዛሁት። ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል የገባ ጊዜ ዕጣዬ ገና አልወጣም ነበር። ሰብሳቢው ተራ የደረሰውን ሰው ለመነልኝ። ሰውየውም ዕጣውን ለቀቀልኝ። ወለድ የለ፣ ማስያዣ የለ። ባንክ ሄጄ ቢሆን የቤት ካርታ አምጪ ነበር የምባለው። እኔ የምኖረው ደግሞ የቀበሌ ቤት ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው

እትዬ፣ ስለ ባለቤትዎ የጻፉት አንጀቴን በላኝ። እቁብ መጥፎ ነው ልል አልመጣሁም። አባቴም እቁብተኛ ነበር።

የሱ የወር እቁብ ነበር፣ ሃያ አራት ሰው ያለበት። ዕጣው የወጣለት ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ነው። ቀድመው ካነሱት ውስጥ ሁለቱ መጣል አቁመው ነበር። አንዱ አገር ለቆ ሄዷል። ዋሱ ደግሞ ራሱ የከሰረ ነጋዴ ነበር። አባቴ ሁለት ዓመት ገደማ ጥሎ ጎዶሎ ብር ይዞ ቤት ገባ። ከሰው ላለመቀያየም ብሎ አልከሰሰም። ያ ብር የኔ የኮሌጅ ክፍያ ነበር። አንድ ዓመት ቤት ተቀመጥኩ።

የርስዎ እቁብ የቆመው በሰዎቹ ታማኝነት ነው። ሁሉም ሰው ግን እንዲህ ያለ ጎረቤት አያገኝም። ትናንት አዲስ አበባ የገባ ልጅ ማን ዋስ ይሆነዋል? ባንክ መታወቂያውን አይቶ ሒሳብ ይከፍትለታል። ባንኩ ቢወድቅ እንኳ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍን የተቀማጭ መድን አለ።

ሒሳቡንም እንየው። ከሃያው መጀመሪያ ያነሳው ሰው 38,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ የሚያነሳው 19 ሳምንት ሙሉ ለሌሎቹ ሲያበድር ቆየ። እሱም ያለ ወለድ። ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ጊዜ የመጀመሪያው 40,000 እና የመጨረሻው 40,000 እኩል አይደሉም። ማን እንደሚጎዳ የሚወስነው ደግሞ ዕጣ ነው። የቤተሰብን ዕቅድ ለዕጣ መስጠት ይከብደኛል።

እቁብተኛዋ

ልጄ፣ የአባትህ ነገር አሳዝኖኛል። እንዲህ የፈረሰ እቁብ አይቻለሁ። ጥፋቱ ከዋሱ ላይ ነው። የኛ ሰብሳቢ ባለዕጣው ሁለት ዋስ ካልጠራ ብሩን አይሰጠውም። ዋሶቹም ገና ያላነሱ መሆን አለባቸው። ሰውየው ቢጠፋ ከነሱ ዕጣ ይቆረጣል። ስለዚህ ማንም ለማያምነው ሰው ዋስ አይሆንም።

ዋጋ ይጨምራል ካልክ ግን ባንክም ከዚህ አያድንም። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ያኔ ከወለዱ ላይ ደግሞ 5 በመቶ ግብር ነበር። በ7 በመቶ 40,000 ብር ዓመት ሙሉ ባስቀምጥ እጄ የሚገባው 2,660 ብር ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር የነበረው የባንክ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። እኔ የምሸጠው ጨርቅ ከውጭ የሚመጣ ነው። ባንክ ያስቀመጥኩት ብር በነበረበት ቁጭ አለ፣ ጨርቁ ግን ጥሎት ሄደ። በዚያው ሰሞን እቁብ ያነሳች ጎረቤቴ ብሩን በማግሥቱ ዕቃ አደረገችው። አተረፈች።

አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የዚያ አገር ባንኮች ለደንበኞቻቸው ዶላር መስጠት አቆሙ። ሰው የራሱን ብር ለማውጣት በር ላይ ያለቅስ ነበር። እህቴ ግን ከአበሻ ሴቶች ጋር ትጥለው የነበረውን እቁብ በዶላር አንስታ ለእናታችን መድኃኒት ላከች።

የሒሳብ ሠራተኛው

ስለ ወለዱ ያሉት እውነት ነው። 7 በመቶ እንዲህ ያለ ንረትን አይችለውም። ደብተር ብቻውን ሰው ያበለጽጋል አላልኩም። ባንክን የምወደው ብሬ የት እንደሄደ ስለሚያሳየኝ ነው።

አምና የሦስት ወር የሒሳብ መግለጫዬን አሳተምኩ። በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ለታክሲና ለውጭ ምሳ በወር 4,100 ብር አወጣ ነበር! ቢጠይቁኝ 1,500 ነበር የምለው። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ በገባ ዕለት የተወሰነው ወደ ሌላ ሒሳብ በራሱ እንዲዛወር አደረግሁ። ካርድ የሌለው ሒሳብ ነው። ለማውጣት ቅርንጫፍ ድረስ ሄጄ መሰለፍ አለብኝ። የርስዎ ሰብሳቢ የሚሠራውን ሥራ ለኔ ያ ሰልፍ ይሠራልኛል።

ደግሞ እርስዎ ጨርቅ ያውቃሉ፣ ብር ሲደርስዎት ዕቃ ይገዛሉ። አስተማሪ 40,000 ሲደርሰው ምን ይገዛበታል? እኔ ያየሁት ብዙ ጊዜ ሶፋ ነው። በባንክ ሳይነካ የቆየ ብር ሌላ በር ያስከፍታል። በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ግዢው በቴሌብር ነው። ያን ጊዜ ብዙ ጓደኞቼ እቁባቸው ስላልደረሳቸው አልገዙም።

እቁብተኛዋ

ሶፋውን አትናቅበት። ያ አስተማሪ ቤቱ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ይዋስ ነበር ይሆናል። አክሲዮኑን ደግሞ አላውቀውም። የማላውቀው ነገር ላይ ብር አላወጣም። ስለዚህ ሌላው ይፍረድ።

በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርክበት ወረቀት ግን ገብቶኛል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። የኛ እቁብ መጋቢት ላይ ያልቃል፣ ወዲያው አዲስ እንጀምራለን። ወረቀትህን ይዘህ ና፣ ለልጄም አሳያት። ግማሽ ዕጣ እይዝልሃለሁ። ዋስህ እኔ ነኝ።

የሒሳብ ሠራተኛው

እትዬ፣ እመጣለሁ። ዕጣ ከመያዜ በፊት ግን ያ የዋስ ደንብ በወረቀት ሰፍሮ ሃያውም ሰው ፈርሞበት ማየት እፈልጋለሁ። ካልተጻፈ እኔው እጽፈዋለሁ።