ከስንቱ ተማሪ?

«ዘንድሮ 94 በመቶ ተማሪዎቻችንን አስመረቅን» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከስንቱ?» ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ 1000 ተማሪ ተቀበለ፣ 620ው የመጨረሻው ዓመት ላይ ደረሱ፣ 580ው ተመረቁ እንበል። 580ን ለ620 ያካፈለ 94 በመቶ ያገኛል፤ ለ1000 ያካፈለ ደግሞ 58። ሁለቱም ስሌት አልተሳሳተም። የመጀመሪያው ግን መንገድ የቀሩትን 380 ተማሪዎች ከመዝገብ ያጠፋቸዋል፤ ተቋሙ ምን ያህል እንደሠራ የሚታየው ደግሞ በእነሱ ነው።

ስለዚህ ልኬቱ ከቅበላ ይጀምር። በአንድ ዓመት የገቡት እንደ አንድ ቡድን ተይዘው፣ ማን ቀጠለ፣ ማን አቋረጠ፣ ማን ተባረረ፣ ማን ሌላ ተቋም ተዛወረ የሚለው በየሴሚስተሩ ይመዝገብ። የተዛወረውን ካቋረጠው ጋር መደመር የተለመደ ስህተት ነው። 12 ተማሪ ባለው ትምህርት ክፍል ደግሞ አንድ ተማሪ ብቻውን ውጤቱን በ8 ነጥብ ስለሚያወዛውዘው የሦስት ዓመቱን ደምሮ ማየት ይሻላል።

ቀጥሎ ተማሪ የሚረግፍበት ኮርስ ይፈለግ። ካልኩለስ አንድን 400 ተማሪ ተመዝግቦበት 140ው ከወደቁ ወይም ከተዉት 35 በመቶ ነው። ይህን በሴክሽን መከፋፈል ያስፈልጋል። አንዱ ሴክሽን 15፣ ሌላው 55 በመቶ ከሆነ አስተማሪውና አስተራረሙ ይታዩ። ሁሉም ከተቀራረቡ የተማሪዎቹ የመግቢያ ዝግጅት ወይም ፈተናው ራሱ ይጠርጠር። ፈተናው ጥያቄ በጥያቄ ይፈተሻል፤ በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉት 27 በመቶና ከታች ያሉት 27 በመቶ ተማሪዎች እያንዳንዱን ጥያቄ ስንቶቹ እንደመለሱት ይነጻጸራል። ጎበዞቹ የሳቱትን ደካሞቹ በብዛት ከመለሱት፣ ጥያቄው አሻሚ ነው ወይም የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ብዙ ቦታ ሥራው የሚቆመው ሪፖርቱ የጥራት ማረጋገጫ ክፍል ሲደርስ ነው። ውጤቱ ከመታወቁ በፊት «የወደቀውና ኮርሱን የተወው ከ30 በመቶ ካለፈ ትምህርት ክፍሉ በአራት ሳምንት ውስጥ ተሰብስቦ ይወስናል፣ ተጠያቂው እገሌ ነው» ተብሎ ካልተጻፈ ቁጥሩ እዚያው ይቀራል። ውሳኔው ግን ለመምህሩ ቅጣት መሆን የለበትም፤ ከሆነ ማርክ መጨመር ይጀመራል። ይህን ለማወቅ ካልኩለስ አንድ ላይ የወደቀው ሲቀንስ፣ ያው ቡድን ካልኩለስ ሁለት ላይ ያመጣው ውጤት አብሮ ይታይ። እዚያ ከባሰበት፣ የተለገሰው ማርክ ነው፤ ትምህርቱ ገና አልተነካም።