ሰርገኛ መጣ፣ አፕ አውርዱ

የአልጎሪዝም ፈተና አምስት ቀን ሲቀረው የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ማስታወሻ ለመያዝ የትኛው አፕ ይሻላል?» የሚል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኼኔ ነው። ጠያቂው መልስ እንኳ አይጠብቅም፤ ኖሽንን ያወርዳል፣ ይተወዋል፣ ኦብሲዲያንን ያወርዳል። ፎልደር ሲደረድር፣ ለየምዕራፉ ኢሞጂ ሲመርጥ፣ ጥቁሩ ገጽ ከነጩ ለዓይን ይሻል እንደሆነ ሲመራመር ሁለት ቀን ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ተሠርቶ አለቀ፤ ውስጡ ግን «ምዕራፍ 1» ከሚል ርዕስ በቀር ነዋሪ የለበትም።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የምትለዋን አባባል ከሁሉ አስበልጬ እወዳታለሁ። አበው ስለ ማስታወሻ አያያዝ የተናገሩ ነው የሚመስለኝ። ልብ በሉ፣ ከአያያዝ አሉ እንጂ ከመያዣ አላሉም። ኒክላስ ሉማን የተባለው ጀርመናዊ የሶሺዮሎጂ ሊቅ 90,000 ገደማ የወረቀት ካርዶች በሳጥን አከማችቶ ብዙ መጻሕፍት ጽፎባቸዋል። የዛሬዎቹ ተከታዮቹ ካርዱን ትተው ሳጥኑን ያሳምራሉ። ማስታወሻዎቹ በመስመር ተያይዘው በስክሪኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ሲዘረጉ አይተው ይደመማሉ፤ ሸረሪቷ እኮ ድሯን የምትሠራው ዝንብ ልትይዝበት ነው። ሉማንም ቢሆን መጽሐፍ ሊጽፍ እንጂ የሰኞ ፈተና ሊያልፍ አልነበረም።

ይህስ ይሁን። የሚያንገበግበኝ ኮድን በዎርድ የሚይዝ ተማሪ ነው። ዎርድ ደብዳቤ መጻፊያ ነው፤ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ሳይጠየቅ ያጎብጠዋል፣ ሁለቱን ሰረዞች አጣብቆ አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጋቸዋል፣ የመስመሩን የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ያደርገዋል። ተማሪው ያንን ከሁለት ወር በኋላ ገልብጦ ሲለጥፍ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አልቀበልም ይላል። ከዚያ ፓይተን ይሰደባል! ጥቅሱ በዓይን ሲታይ ያው ስለሆነ ስህተቱን ፍለጋ ሌሊቱ ይነጋል። ኮድ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይያዝ፤ በማርክዳውን (ተራ ጽሑፍን በጥቂት ምልክቶች ማሰናጃ ዘዴ) ከሆነ ከኮዱ በላይና በታች ባለው ባዶ መስመር ሦስት ሦስት ባክቲክ (`) ማኖር ይበቃል። የስክሪን ፎቶ የሚያነሳውማ አይነሳብኝ። ፎቶ እንደ ጽሑፍ በቀላሉ አይገለበጥም፣ ሲፈልጉትም በቀላሉ አይገኝ።

ፍለጋ ካልን አንድ የቆየ ቂም አለኝ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ፣ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ገቡ፤ መግባታቸውም ተገቢ ነው። የፊዚክስ ተማሪው ግን ሰኞ «ኃይል»፣ ረቡዕ «ሀይል»፣ ዓርብ «ሐይል» ብሎ ይጽፍና «አፑ ማስታወሻዬን በላው» ይላል። አፑ ምን ያድርግ? ቁጥር ነው የሚያመሳስለው፤ ሦስቱም ለእሱ እርስ በርሳቸው ባዕድ ናቸው። አንዱን አጻጻፍ መርጦ መጽናት ነው እንጂ የትኛው ትክክል ነው የሚለው ክርክር ሌላ ወግ ይወጣዋል።

ሒሳብና የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ለሚማር ክፍል ውስጥ ከእርሳስ የሚበልጥ የለም። ሒሳብን በትእዛዝ በሚያስጽፈው በላቴክ አንዲት ክፍልፋይ ከነቅንፏ ተጽፋ ሳታልቅ መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍቷል። ወረቀቱን ለመክፈል ዋልተር ፖክ የተባለው መምህር ያወጣው የኮርኔል ማስታወሻ አያያዝ ዘዴ ጥሩ ነው፦ ኤ4 ላይ በግራ 6 ሳንቲ ሜትር ለጥያቄ፣ የቀረው 15 ለማስታወሻው፣ ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ለማጠቃለያ። ብዙዎች መስመሩን አሳምረው ያሰምሩና በግራው «ባይነሪ ሰርች» (በየጊዜው ግማሹን እየጣሉ መፈለግ) ብለው ርዕስ ይጽፉበታል። ርዕስ ጥያቄ አይደለም። «ከ1,000,000 የተደረደሩ ቁጥሮች አንዱን ለማግኘት ቢበዛ 20 ጊዜ ማመሳከር ለምን በቃ?» ተብሎ ይጻፍ። ማታ ቀኙን በእጅ ሸፍኖ መልሱን ባዶ ወረቀት ላይ ማውጣት ነው፦ በየጊዜው ግማሹ ይጣላል፣ ሁለት በሃያ ሲባዛ ሳይሆን ሃያ ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1,048,576 ይሆናል፣ ከሚሊዮን አለፈ። «የተደረደሩ» የምትለዋን ቃል የዘለለ ማስታወሻ ደግሞ ፈተና ላይ ጉድ ይሠራል፤ ባልተደረደረ ዝርዝር የቱ ግማሽ እንደሚጣል በምን ይታወቃል?

አንኪ የተባለውን የጥያቄና መልስ ካርድ መከለሻ አፕ የሚጠቀሙም አሉ፤ ጎበዞች ናቸው፣ ስለ ኮምፒውተሮች የኔትወርክ መገናኛ ደንብ «ቲሲፒን አብራራ» የሚል ካርድ እስኪሠሩ ድረስ። የአንድ ገጽ መልስ ያለው ካርድ ካርድ አይደለም። «ቲሲፒ ግንኙነት ሲከፍት የሚለዋወጣቸው ሦስቱ መልእክቶች በቅደም ተከተል?» ቢባል ሲን፣ ሲን-አክ፣ አክ ብሎ ያልፋል።

ጥያቄው ምን ነበር? አዎ፣ አፕ። ኦብሲዲያን ጽሑፉን በራስህ ኮምፒውተር ላይ ተራ ፋይል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ ነገ ብትሰለቸው እንኳ ማስታወሻህ አብሮ አይጠፋም። ፈተናው እስኪያልፍ ግን፣ ወዳጄ፣ አታውርደው።